የማክሰኞ ቃለ ጉባኤ

የሞዴል ሠሪዎች ክበብ፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል፤
ከእሳት አደጋው ጋራዥ በላይ፣ ከቱቦ ማድረቂያው እኩል።
የባልቲክ ዝናብ መስኮቱን በጥፍሩ ይቧጥጣል።
ከአሥራ አንድ አባላት ስድስቱ ተገኝተዋል፤
(ካዬታን አንቀላፍቷል፤ ግን ወንበር ይዟል፤)
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ካልኩ ሞልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ ሒሳብ። ሉዶሚር ተነሣ፣
አርባ ዓመት ጥርስ የሞላ፣ ጡረታን እጁ የረሳ፤
በዚያው መርፌ፣ በዚያው ሜንጦ፣ ዛሬ የባቡር ጎማ ያክማል፤
ሒሳብ ሲያነብ ግን ጥርሱን ያመመው እርሱ ይመስላል።
«ሙጫው አልቋል» አለ፤ «ቀለሙም ተወዷል፤
ካምናው ዐውደ ርእይ የተረፈው፣ ምላጭ ሊገዛ ሄዷል።»

አጀንዳ ሁለት፦ የጠፋ።
የሃልሽካ ፋኖስ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንሰው፣ ከሜንጦዋ አፈትልኮ
ወለሉ ዋጠው፤ ወለል ሆድ አለው ለካ እኮ!
ካዬታን እንኳ ነቅቶ፣ ባትሪ በየእጃችን፣
ስድስታችን ተንበርክከን፣
ያየን ሰው ቢኖር ይምል ነበር በንስሓችን።
ፋኖሱ አልተገኘም። የተገኘው የካቻምና የፉርጎ በር፣
አንድ የወታደር ክንድ፤ ሌላው ሊቀ መንበሩ ሲያስሰው የከረመ የኮት ቁልፍ ነበር።

አጀንዳ ሦስት፣ ዋናው፦
የፈረሰው ጣቢያችን፣ ሰማንያ ሰባት ጊዜ አንሶ፣
በጠረጴዛው ላይ ቆሟል፣ ካርቶኑ ጡብ ለብሶ።
እውነተኛው በቆመበት ዛሬ መኪና ይታጠባል፤
የኛው ጣሪያ ሙጫው አልደረቀም፤ በጣት ሲነካ ይሳባል።

ጠቡ በአግዳሚ ወንበሩ ተጀመረ።
«አረንጓዴ ነበር» ይላል ቴዎፊል፤ ፎቶግራፉ ግን ጥቁርና ነጭ፤
«ቡናማ ነው!» ይላል ሚሮን፣ ከወዲያ ማዶ ሲነጫነጭ።
ሚሮን ሃያ ዓመት የሠራው መርከብ ሁሉ ግራጫ ነው፤
ስለ ቀለም ምን ያውቃል ብሎ ማን ይጠይቀው?

ያኔ በሩ ተንኳኳ።
ወይዘሮ ጌኖቬፋ ገባች፣ ዣንጥላዋን አራግፋ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ትኬት ስትቆርጥ፣ በዚያች መስኮት አሳልፋ።
(የጠራናት እኛ ነን። ባለፈው ቃለ ጉባኤ፣ ገጽ ሁለት።)
ስለ ወንበሩ ጠየቅናት። «እኔ ምን አውቄ?» አለች፤
«ከውስጥ ነበርኩ፤ የማውቀው የሰዉን ጀርባ ነው» ብላ ሳቀች።
ጎንበስ ብላ፣ በሉዶሚር የጥርስ መስታወት፣
ወደ ራሷ መስኮት አየች፣ ጥፍር በማታህል ክፍተት።

ብዙ ቆየች። ሚሮንም ዝም አለ።

«ሰዓቷ ልክ አይደለችም» አለች ቀና ብላ፤
«እንዴት?» አለ ቴዎፊል፣ ፊቱ ፍም መስሎ ቀላ።
(ከምስር ክክ የማትበልጥ የሰዓት ገጽ ናት፤
ትንፋሹን ይዞ ቁጥር ሲጽፍ ሦስት ሳምንት ከርሞባት።)
«ጋዜጣው አለ፤ የመጨረሻው ባቡር የገባው
አሥራ አንድ ከአሥራ አራት ነው፤ ይኸው!»
«እሱስ እውነት ነው» አለች፤ «ግን አራት ደቂቃ ትዘገይ ነበር የኛ ሰዓት፤
የጣቢያው አለቃ እያወቀ ነው የተዋት።
ባቡሩ ከወደቡ ሲመጣ ሁልጊዜ አራት ደቂቃ ያረፍዳል፤
በኛ ሰዓት ግን በቀጠሮው ነው፤ ማን በማን ይፈርዳል?»

ውሳኔ፦ የደቂቃዋ ዘንግ ወደ ኋላ ትመለስ።
በኛ መጠን የፀጉር ሲሶ ነው፤ አይታይ፣ አይዳሰስ።
በኅዳር ዳኞቹ ማጉያ መነጽር ይዘው ይመጣሉ፤
ሰሌዳው አሥራ አንድ ከአሥር፣ ሰዓቷም አሥራ አንድ ከአሥር፤ «ልክ ነው» ብለው ያልፋሉ።
ስሕተቷን የምናውቅ ሰባት ነን።

ልዩ ልዩ፦
ጌኖቬፋ አባል ሆነች፤ ሃያ ዝሎቲ ቆጥራ ከፈለች፤
ደረሰኙን ስሰጣት፣ ጫፉን ቀድዳ «መልካም ጉዞ» አለች።
የወንበሩ ቀለም ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተላልፏል፤
ሚሮን ቅር መሰኘቴ ይመዝገብ ብሏል፤ ተመዝግቧል።
ስብሰባው ተዘጋ፤ መብራቱ ጠፋ፤ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦
ሌሊት፣ ቤቴ፣ ሱሪዬን ስሰቅል፣ ከእጥፋቱ ጠርዝ ተጣብቆ፣
ፋኖሱን አገኘሁት፤ ሳይሰበር፣ ከነሙጫው ደርቆ።
ጥጥ አንጥፌ በክብሪት ቀፎ አስቀመጥኩት፤
ክዳኑ ላይ «የጠፋ ዕቃ» ብዬ ጻፍኩት።